የተነቃነቀ ቀለበት፦ የአንድ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ጥገና

ዳራ

ዘንጉ የአንድ ወዳጄ ነው። ሰውየው የዕረፍት ቀኑን ውኃ ዳር ማሳለፍ ከጀመረ ቆይቷል። ዘንጉ ከሁለት ቁራጭ የሚገጠም፣ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ፣ ቀለል ያለ ነው። ሪሉ፣ ማለትም ናይለኑ (የማጥመጃው ገመድ) የሚጠቀለልበት ዕቃ፣ ከዘንጉ ሥር ይንጠለጠላል። ናይለኑ የሚያልፍባቸው ቀለበቶችም እንደ ሪሉ ወደ ታች ያያሉ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ቀለበቱ ራሱ ቀላል ዕቃ ነው። ከብረት የተሠራ ክፈፍ አለው። ክፈፉ ውስጥ ናይለኑ የሚንሸራተትበት ለስላሳ ሴራሚክ ተቀምጧል። ክፈፉ ደግሞ በአንድ ወይም በሁለት እግር ዘንጉ ላይ ያርፋል። እግሩ አይበየድም፣ አይቸነከርም። በቀጭን ክር ጥብቅ ተደርጎ ይጠመጠማል፣ ከዚያ ጥምጥሙ ላይ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) ይቀባል። ብዙ ሰው ያንን እንደ ብርጭቆ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ሲያይ ቀለበቱን የያዘው ማጣበቂያ ይመስለዋል። የያዘው ግን ክሩ ነው። የኢፖክሲው ዋና ሥራ ክሩን ከውኃ፣ ከፀሐይና ከፍትጊያ መጠበቅና ከቦታው እንዳይንሸራተት ማድረግ ነው። የዚህ ዘንግ ጣጣ አብዛኛው ይህንን ካለመገንዘብ የመጣ ነው።

ችግሩ

ባለቤቱ ሁለት ቅሬታ ይዞ መጣ። አንደኛ፣ ሲወረውር ከዘንጉ መሐል ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሁለተኛ፣ ናይለኑ ከመንጠቆው በላይ ያለው ክፍል እየሻከረ፣ አንዳንዴም ሳይታሰብ እየተበጠሰ ነው። ለሁለቱም ጥፋተኛ ያደረገው አንዱን ቀለበት ነበር። በእርግጥ መሐል ላይ ያለው ባለ ሁለት እግር ቀለበት በጣት ሲነካ ይንቀሳቀሳል። ወደ ጫፉ ያለው እግሩ ላልቷል፤ የኋላው ግን ጥብቅ ነው።

«ትንሽ ማስቲሽ ጠብ ብታደርግበት ይበቃዋል» አለኝ።

«አድርገህበት ነበር እንዴ?» ስለው ሳቅ አለ። አድርጎበታል።

ቀድሞ የተሞከረው

ነገሩ ወዲህ ነው። ቀለበቱ መጀመሪያ ሲላላ ባለቤቱ ጥምጥሙ ጠርዝ ላይ ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጓል። ፈሳሹ ቀጭን ስለሆነ ሰርጎ ገባ፣ ወዲያው ደረቀ፣ ቀለበቱም ቀጥ አለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደገና ላላ። እሱም ደገመው።

ሱፐር ግሉ መጥፎ ነገር ሆኖ አይደለም። ሲደርቅ ግን ግትር ይሆናል፤ መታጠፍ አይወድም። ዘንግ ደግሞ ሥራው መታጠፍ ነው። ዘንጉ በጎበጠ ቁጥር ግትሩ ማጣበቂያ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውኃ ይገባል። ሌላም ጉዳት አለ። ከሱፐር ግሉ የሚወጣው ትነት ዙሪያውን ነጭ ጉም የመሰለ እድፍ ትቶ የታችኛውን ሁኔታ ሸፍኖታል። ክሩ ተበልቷል ወይስ ደኅና ነው? ከላይ ሆኖ ማየት አልተቻለም።

ምርመራ

መጀመሪያ የተመለከትነው የላላውን ቀለበት ሳይሆን ዘንጉን በሙሉ ነው። ናይለኑ ወጣ፤ ዘንጉ በእርጥብ ጨርቅ ተወለወለ፣ ደረቀ። ከዚያ ጥጥ በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ዞረ። ሴራሚኩ ደኅና ከሆነ ጥጡ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። የተሰነጠቀ ወይም የተቦረቦረ ቦታ ካለ የጥጡ ስስ ክር ይያዛል። አሮጌ የሴት ስቶኪንግ ከተገኘ ደግሞ ከጥጥም የበለጠ ያጋልጣል።

የላላው ቀለበት ሴራሚክ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ጥጡ የተያዘው ሌላ ቦታ ነው፤ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሿ ቀለበት ውስጥ። በአጉሊ መነፅር ሲታይ ከጠርዟ ላይ ጭረት የምታህል ስንጥቅ አለ። ናይለኑን ሲያሻክር የነበረው ያ ነው። ስለዚህ የተነቃነቀውን ቀለበት ብቻ ጠግነን ብንመልስለት ኖሮ ናይለኑ መበጠሱን አያቆምም፤ ሰውየውም ጥገናው አልሠራም ይል ነበር። ሁለቱ ቅሬታዎች አንድ ላይ ስለመጡ ምንጫቸው አንድ መስሎት ነበር።

ቀጥሎ ወደ ላላው እግር ተመለስን። ከእግሩ ጫፍ ላይ ኢፖክሲው ዘንጉን የሚዞር ቀጭን የስንጥቅ መስመር አበጅቷል። ይህ ቦታ የታወቀ ደካማ ቦታ ነው። ዘንጉ ይታጠፋል፤ የብረቱ እግር አይታጠፍም። ሁለቱ የሚለያዩት እግሩ በሚያልቅበት ነጥብ ነው፣ ጭንቀቱም እዚያ ይከማቻል። ቀጭን ስንጥቅ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ብዙ ዘንግ ላይ አለ። ቀለበቱ ሲገፋ ስንጥቁ ከተከፈተና ከተዘጋ ግን ከሥር ያለው ክር መያዙን ትቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የቀለበቶቹ አቀማመጥ ይመጣል። ሪሉ ከሥር በሆነ ዘንግ ቀለበቶቹ ያሉት ዘንጉ ሲጎብጥ ወደ ውስጥ በሚገባው በኩል ነው። ናይለኑ ሲወጠር ቀጥ ለማለት ስለሚፈልግ እያንዳንዱን ቀለበት ከዘንጉ ለማላቀቅ ይስበዋል። ናይለኑ 5 ኪሎ እየሳበ አንድ ቀለበት ላይ 20 ዲግሪ ቢታጠፍ ቀለበቱ ላይ የሚያርፈው ጉተታ ወደ 1.7 ኪሎ ይጠጋል። 30 ዲግሪ ከሆነ 2.6 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ጥምጥሙ ነው። ሪሉ ከላይ በሚቀመጥበት ዘንግ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጉተታው ቀለበቱን ዘንጉ ላይ ይጫነዋል፣ እዚያ የሚያስቸግረው ዘንጉ ለመጠምዘዝ መፈለጉ ነው። ለዚህኛው ዘንግ ግን ከክር ሌላ ማምለጫ የለም።

ማፍረስ

አሮጌውን ጥምጥም ሳያነሱ አዲስ ክር በላዩ መጠምጠም ብዙ ሰው የሚሞክረው አቋራጭ ነው። አልሄድንበትም። የላላ ነገር ላይ የተጠመጠመ ክር ከላላው ነገር ጋር አብሮ ይነቃነቃል።

ከማንሳታችን በፊት የቀለበቱ ቦታ በወረቀት ፕላስተር ምልክት ተደረገበት፤ ከጎረቤቱ ቀለበት ያለው ርቀትም በሚሊ ሜትር ተጻፈ። የቀለበቶች አቀማመጥ በዘፈቀደ አይደለም፤ ዘንጉ ሲጎብጥ ጭነቱን እንዲከፋፈሉ ተለክቶ ነው።

የምላጩን አያያዝ ላስረዳ፣ ዘንግ የሚሰበረው እዚህ ላይ ስለሆነ። ምላጩ የሚቆርጠው የብረቱ እግር ባለበት፣ ከእግሩ አናት ላይ ብቻ ነው። ከሥር ብረት ስላለ ምላጩ ወደ ዘንጉ አይደርስም። ከእግሩ ወጣ ብሎ በዘንጉ አካል ላይ የሚያርፍ ምላጭ ካርቦኑን ይጭራል። ጭረቱ ላይታይ ይችላል። ከዚያ አንድ ቀን ትልቅ ዓሣ ሲይዝ ዘንጉ ልክ በዚያ ጭረት ላይ ኳ ብሎ ይሰበራል። ስለዚህ ምላጩ ጠፍጠፍ ተደርጎ ተያዘ፣ ኢፖክሲውና ክሩ በእግሩ ርዝመት ተላጡ።

የቀረው በሙቀት ተነሣ። የፀጉር ማድረቂያ ኢፖክሲውን እስኪለሰልስ አሞቀው፣ በጥፍር ተላጠ። ሙቀቱ በጣት ነክተው ከሚችሉት በላይ መሄድ የለበትም፤ ካርቦኑን ያያያዘው ራሱ ሙጫ ነው፣ በብዙ ሙቀት ይጎዳል። ፋብሪካው የቀባው ኢፖክሲ እንደ ቆዳ ተላጥቶ ወጣ። ሱፐር ግሉ የገባበት ቦታ ግን ችክ አለ። አሴቶን ሱፐር ግሉን እንደሚያሟሟ እናውቃለን፤ የዘንጉን ቀለምና ቫርኒሽም አብሮ ስለሚያነሣ ተውነው። በምትኩ ደጋግሞ ማሞቅና በፕላስቲክ መፋቂያ ቀስ ብሎ መፋቅ ሆነ። ሱፐር ግሉ ሲሞቅ ዓይንና አፍንጫ የሚያቃጥል ትነት ስለሚያወጣ መስኮት ከፍቶ መሥራት ያስፈልጋል። በሁለት ጠብታ የታሰረው ነገር ከሥራው ሁሉ ረጅሙን ሰዓት በላ።

የተገኘው

ቀለበቱ ሲወጣ ምክንያቱ ቁልጭ ብሎ ታየ። የኋላው እግር ጫፉ በሞረድ ተስሎ ወደ ዘንጉ እየሳሳ ይወርዳል። ክሩ ከዘንጉ ወደ እግሩ ሲወጣ ያለ ችግር ይወጣል። የላላው እግር ግን ጫፉ ድንብሽ ያለ ነው፤ ቀጥ ብሎ ተቆርጦ ቀርቷል። ክሩ እዚያ ደርሶ እንደ ደረጃ መዝለል ነበረበት። ሲዘል ከእግሩ ፊት ትንሽ ክፍተት ይቀራል፤ ከክፍተቱ ውኃ ይገባል፣ የእግሩም ስለታም ጠርዝ ክሩን በየጉብጠቱ ይሞርደዋል። ጠርዙ ላይ ያረፉት የክር ዙሮች ተበጥሰው ተገኙ። ከሥራቸው የዝገት ዱቄት ነበር። እግሩ ደግሞ ትንሽ ወደ ላይ ቀና ብሏል፤ ዘንጉ በሆነ ጊዜ ከባድ ዕቃ ሥር ሳይጫን አልቀረም። ቀለበቱ ሲጠመጠም ክሩ እግሩን በግድ ተጭኖ ይዞት ነበር ማለት ነው።

ሱፐር ግሉ ከእነዚህ አንዱንም ሊያስተካክል አይችልም ነበር።

ጥገናው

ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ተነሣ። የተቀናው እግር በፒንሳ ቀስ ተብሎ ወደ ልኩ ተመለሰ፤ ቀለበቱ ዘንጉ ላይ ሲቀመጥ ሁለቱም እግሮች ያለ ግፊት በሙሉ ርዝመታቸው እስኪያርፉ ድረስ። ከዚያ ድንብሹ ጫፍ ከላይ በኩል በጥሩ ሞረድ ተስሎ እንዲሳሳ ተደረገ። ከሥርም የተሞረደ ብረት ቁርጥራጭ እንዳይቀር ተጠርጓል፣ ዘንጉን ይጭራልና። በመጨረሻ ቀለበቱም ዘንጉም በአልኮል ተወለወሉ። ከዚህ በኋላ ቦታውን በባዶ እጅ መንካት አይመከርም፤ የጣት ወዝ ኢፖክሲው እንዳይዝ ያደርጋል።

ቀለበቱ ቦታው ላይ በቀጭን የፕላስተር ቁራጭ አንድ እግሩ ተያዘ፤ ሌላው እግር ተጠመጠመ። የጥምጥሙ አጀማመር እንዲህ ነው። ክሩ ዘንጉን አንዴ ይዞርና ራሱን ይረግጣል፤ ከዚያ የሚከተሉት ጥቂት ዙሮች ጭራውን ከሥራቸው ይቀብሩታል፣ ትርፉ ይቆረጣል። የሚጀመረው ከዘንጉ ላይ ነው፣ የሚኬደው ወደ እግሩ ነው፤ ክሩ የተሳለውን ጫፍ ሽቅብ ይወጣዋል። ውጥረቱን ለመጠበቅ ክሩ በከባድ መጽሐፍ ገጾች መካከል አልፎ እንዲመጣ ተደርጓል። እጅ ክሩን ሳይሆን ዘንጉን ያዞራል። ውጥረቱ ክሩን የሚይዝ፣ ቀለበቱን ግን በአውራ ጣት ትንሽ ለመግፋት የሚፈቅድ መሆን አለበት። እንደ ገመድ አጥብቆ ማሰር እዚህ ጥቅም የለውም፤ ቀለበቱን ማስተካከል ይከለክላል፣ ቀጭን ዘንግንም ያስጨንቃል።

ለማብቃት ጥቂት ዙሮች ሲቀሩ ከሌላ ክር የተሠራ ዘለበት ከዙሮቹ ሥር ይቀመጣል። ቀሪዎቹ ዙሮች በላዩ ይጠመጠማሉ። የክሩ ጫፍ በዘለበቱ ቀዳዳ ገብቶ፣ ዘለበቱ ተጎትቶ ሲወጣ ጫፉን ከዙሮቹ ሥር ያስገባዋል። ቋጠሮ የለም። በዙሮቹ መካከል የቀረ ክፍተት በለስላሳ የፕላስቲክ እጀታ ተገፍቶ ተዘጋ።

ለቀላል ዘንግ ባለ ኤ ቁጥር ቀጭን ክር፣ ለከባድ ዘንግ ወፈር ያለው ባለ ዲ ክር ይመረጣል። ለዚህኛው ኤ በቂ ነበር። ባለቤቱ ከድሮው ጋር እንዲመሳሰል ቀይ ክር መርጦ ነበር፤ ኢፖክሲ ሲነካው ወደ ቡናማ ጠቆረበት። ቀለሙ እንዲቆይ የሚፈልግ ሰው ከኢፖክሲው በፊት የቀለም መጠበቂያ ፈሳሽ ይቀባል። የማይፈልግ ጥቁር ክር ወስዶ ይገላገል።

ከመቀባት በፊት ዘንጉ ሙሉ ሆኖ ተገጠመና ከሪሉ በኩል ወደ ጫፉ በቀለበቶቹ ውስጥ ታየ። አዲስ የተጠመጠመው ቀለበት ትንሽ ወደ ግራ ዘመም ብሎ ነበር። በአውራ ጣት ተገፍቶ ተሰለፈ። ይህ ዕድል ያለው አሁን ብቻ ነው።

ያልሠራው

ኢፖክሲውን ባለቤቱ ራሱ መቀባት ፈለገ። የዘንግ ኢፖክሲ ሁለት ጠርሙስ ነው፤ የተጠቀምነው ዓይነት በይዘት እኩል ለእኩል ይቀላቀላል። የሚያስፈልገው ጥቂት ስለሆነ ከእያንዳንዱ ትንሽ ጠብታ በዓይን ግምት ቀላቀለ። ሲቀባ ያምር ነበር። በማግስቱ ግን ጣት ሲነካው ያጣብቃል። ጠበቅን፤ አሁንም ወፍ የለም።

እንዲህ ዓይነቱ ኢፖክሲ በመጠበቅ አይድንም። ቫርኒሽ ፈሳሹ ሲተን ይደርቃል፤ ኢፖክሲ ግን የሚጠነክረው ሁለቱ ክፍሎች ተዋሕደው ነው። አንዱ ከተረፈ፣ የተረፈው የሚዋሐደው አጥቶ ለዘለዓለም ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ጥቂት መቀላቀል ቁጠባ ይመስላል፣ ስሕተትን ግን ያገዝፋል። ከአንድ ሚሊ ሊትር ላይ 0.2 መሳት 20 በመቶ ነው። ከ3 ሚሊ ሊትር ላይ ያው 0.2 ወደ 7 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ትርፉ ቢጣልም ከየጠርሙሱ 3 ሚሊ ሊትር ያህል በስሪንጅ መለካት ይሻላል። ስሪንጆቹም ለየብቻ ይሁኑ፣ አይቀያየሩ።

ሁለተኛው ቅልቅል በዚህ መንገድ ሆነ። የዕቃው ጎንና ታች እየተፋቀ በቀስታ ተማሰለ፤ በፍጥነት ማማሰል አረፋ ያስገባል። ከዚያ ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ወረቀት ላይ ፈሰሰ። ሲሰራጭ አረፋው ይወጣል፣ ሁለቱ ሲዋሐዱ የሚፈጠረው ሙቀት ስለማይጠራቀምም የመሥሪያ ጊዜው ይረዝማል። በአጣባቂው ሽፋን ላይ ስስ ተደርጎ ተቀባ፣ በደንብም ጠነከረ። ሁሌ እንዲህ ይድናል አልልም፤ የመጀመሪያው ሽፋን ገና ፈሳሽ ከሆነ በአልኮል ጠርጎ መጀመር ነው።

የሚያዞር ሞተር አልነበረንም። በእጅ ሆነ፦ በየጥቂት ደቂቃው ግማሽ ዙር፣ ኢፖክሲው መፍሰሱን እስኪተው ድረስ። ካልዞረ ወደ አንድ በኩል ወርዶ ሆድ ያወጣል። ጓንት ማድረግም አይዘንጋ፤ ያልደረቀ ኢፖክሲ ቆዳን ያስቆጣል፣ ሰውነት አንዴ አለርጂ ከያዘበት ደግሞ አይለቅም።

የጫፏ ቀለበት

ይህችኛዋ ክር አያስፈልጋትም። ዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ ቆብ የምትገባ ቱቦ ናት፤ የሚይዛት በሙቀት የሚቀልጥ ሙጫ ነው። ቱቦዋ ሞቀች፣ ሳትጠመዘዝ ቀጥ ተብላ ተሳበች። የዘንጉ ጫፍ ውፍረት ተለክቶ በልኳ አዲስ ገባች፣ ሙጫው ሳይቀዘቅዝ ከሌሎቹ ቀለበቶች ጋር ተሰለፈች። ሥራው አጭር ነው፤ ናይለን መበጠሱን ያቆመው ግን ይኸኛው ነው።

ውጤት

ኢፖክሲው ሙሉ በሙሉ ከጠነከረ በኋላ ናይለኑ በቀለበቶቹ አልፎ ባለ አንድ ሊትር የውኃ ጠርሙስ ታሰረበት። ዘንጉ ቀስ ብሎ ጠርሙሱን ሲያነሣ ጥምጥሙ ላይ ያለው ጠርዝ በመብራት ታየ። ስንጥቅ አልተከፈተም፣ ድምፅም የለም። ዘንጉን ጫፉን በእጅ ይዞ ማጉበጥ ግን ፍተሻ አይባልም፤ ጭነቱን ሁሉ ቀጭኑ ቦታ ላይ ስለሚጥለው መስበሪያ ነው።

ዘንጉ ከዚያ ወዲህ ሥራ ላይ ነው። ጠቅታው ጠፍቷል፣ ናይለኑም መሻከሩን ትቷል። መልኩ እንደ ፋብሪካው አልሆነም፤ ሁለት ሽፋን ስላለው ወፈር ብሏል። ወፍራም ኢፖክሲ ክብደት ይጨምራል፣ ዘንጉንም ትንሽ ያደነድናል። በአንድ ቀለበት ላይ ብዙም አይታወቅም። በሁሉም ላይ ቢሆን ይታወቅ ነበር።

ለሌላ ዘንግ የሚሆን

የላላ ቀለበት ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው በምን ላጣብቀው ብሎ ሳይሆን ለምን ላላ ብሎ ቢሆን ብዙ ድካም ይቀርለታል። የእግሩን ጫፍ ይይ። አንድ ድንብሽ እግር ከተገኘ የቀሩትም በተመሳሳይ እጅ የተሠሩ ስለሆኑ መታየት አለባቸው። በዚህ ዘንግ ሌላ አንድ እግር እንዲሁ ሆኖ አግኝተናል። ገና ስላልላላ አልነካነውም፤ ባለቤቱ ዓይኑን ጥሎበታል።

ውኃ ዳር ሳለ ቀለበት ቢላላ ምን ይደረግ? ያለውን ክር ወይም ቀጭን ፕላስተር አጥብቆ መጠምጠምና ቀኑን ማሳለፍ ይቻላል። እሱ ሲመለሱ በቀላሉ ይነሣል። ሱፐር ግሉ ግን ቦርሳ ውስጥ ይቆይ፤ ለኋለኛው ጠጋኝ ዕዳ ነው።

ሴራሚኩ ከክፈፉ ከተላቀቀ ወይም ከተሰነጠቀ መልሶ ለመለጠፍ አለመድከም ይሻላል፤ ቀለበቱ በሙሉ ይቀየር። እዚህ የተጻፈው ሁሉ ደግሞ ዘንጉ ራሱ ደኅና ለሆነ ሰው ነው። ጥምጥሙ ሲነሣ ከሥሩ ካርቦኑ ላይ ስንጥቅ ወይም በጣት ሲጫኑት የሚሰምጥ ቦታ ከታየ ቀለበቱን መልሶ ከመጠምጠም በፊት ቆም ይባል፤ የተሰነጠቀ ካርቦን ሲሰበር ስለታም ስንጥር ያወጣል፣ እሱን መጠገን ደግሞ የክር ሥራ አይደለም።